ጭቃ በር ላይ እንዲቀር፦ ተረቱና እውነታው

ነቀምት፣ ጊምቢ ወይም ነጆ ለኖረ ሰው ክረምት የሐምሌና የነሐሴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዝናቡ ከግንቦት እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ነቀምት በዓመት የምታገኘው 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀዩ አፈር ከራሰ ጫማ አይለቅም። ስለዚህ ስለ ጭቃም ብዙ ይወራል።

«ጫማ ማውለቂያ ቦታ የቪላ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ክፍል ማን ጠየቀ? ከበረንዳው አንድ ጥግ ይበቃል። ትልቁ ወጪ ጣሪያ ነበር፤ የቆርቆሮው ክፈፍ ረዘም ካለ እሱም ተሠርቶ አልቋል። ከደረጃው ፊት ጠጠር ይፈሳል። ከግንባታ የተረፈ የፌሮ ቁራጭ በሁለት ድንጋይ መካከል በስሚንቶ ሲያዝ የጫማ መፋቂያ ይሆናል። የቀረው የባሕር ዛፍ አግዳሚ፣ ሳፋና አንድ ጀሪካን ውሃ ነው።

«በር ላይ ጆንያ ማንጠፍ ይበቃል» ይባላል። ሁለት ሦስት ሰው እስኪረግጠው እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጆንያው ራሱ ጭቃ ይቀባል። መጀመሪያ ጠጠሩ፣ ቀጥሎ መፋቂያው፣ ከዚያ አረፍ ብሎ ማውለቅ፤ ጆንያው የመጨረሻው ነው።

ወለሉን በሴራሚክ ማስዋብም የተለመደ ምኞት ነው። ለስላሳ ሴራሚክ ሲርስ ያንሸራትታል፤ አረጋውያን ባሉበት ቤት አልመክረውም። ሻካራ ሆኖ ወደ ውጭ ዘንበል ያለ የስሚንቶ ልስን ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

«ቀዩን እድፍ በረኪና ያስለቅቀዋል» የሚለውም ስሕተት ነው። ቅላቱ የብረት ዝገት ስለሆነ በረኪና አያነጣውም፤ ሊያጸናውም ይችላል። ልብሱ ይድረቅ፣ ይቦረሽ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠብ። እልከኛውን እድፍ ሎሚ ያግዛል፤ ሎሚና በረኪና ግን አይቀላቀሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ።

ከሁሉም የከፋው «አፈር እግርን ያጠነክራል፤ ዝሆኔ ደግሞ እርግማን ነው፣ ወይም በዘር ብቻ የሚመጣ ነው» የሚለው እምነት ነው። ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ጥናት በሽታውን ከቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ጋር አያይዞታል። ደቃቅ የአፈር ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ ቱቦዎችን ያስቆጣል፤ እግሩ በዓመታት ውስጥ ያብጣል። ዘር ተጋላጭነትን ይጨምራል፤ አፈሩ ካልነካው ግን በሽታው አይመጣም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከነዋሪው 2.8 በመቶው በዚህ በሽታ መያዙን አሳይቷል። ከመቶ ሰው ወደ ሦስት የሚጠጋ ማለት ነው፤ ስንቱ ታማሚ በሐሜት ከጋብቻና ከማኅበር ተገልሏል!

እንግዲህ ያ ሳፋ ለጫማ ብቻ አይደለም። ልጆች ከትምህርት ቤት፣ ገበሬው ከማሳ ሲመለሱ እግራቸውን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ አግዳሚው ይቅርና ለልጆቹ ጫማ ይገዛ። እግሩ ማበጥ የጀመረ ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በጊዜ የተያዘ እብጠት በመታጠብና በጫማ ይቀንሳል።