በዝምታ የሚነቅዝ ሐሳብ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ብሂል። ምሥጢር ለመጠበቅና ከነገር ለመራቅ ምክሩ መልካም ነው። የሕፃናት ሐሳብ ግን በዝምታ ይነቅዛል። «ብሳሳትስ? ቢሳቅብኝስ?» እያለ የሚጨነቅ ልጅ እጁን ማውጣት ይተዋል፤ ውሎ አድሮም መጠየቁን ራሱን ይረሳዋል። ጉዳዩ እኛን የሳይንስ መምህራንን በቀጥታ ይመለከተናል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ዩኒቨርሲቲ የሚደርሱት ዝምታን አስቀድመው ተምረው ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1963 በዛሬዋ ታንዛንያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረው ኤራስቶ ምፔምባ ከጓደኞቹ ጋር አይስ ክሬም ይሠራ ነበር። በማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ እንዳያጣ ቸኩሎ የፈላውን ወተት ሳያበርድ አስገባው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የእርሱ ረግቶ ተገኘ፤ ወተቱን ሳያፈላ ያስገባው የጓደኛው ግን ገና ፈሳሽ ነበር። ምክንያቱን ቢጠይቅ መምህሩ «ተምታቶብህ ነው» አሉት። በሌላ ትምህርት ቤት ጥያቄውን ሲደግመው ደግሞ «የምፔምባ ፊዚክስ» የሚል ማላገጫ ወጣለት።

በኋላ የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ዴኒስ ኦዝቦርን ትምህርት ቤቱን ሲጎበኙ ምፔምባ አሁንም ጠየቀ፤ ክፍሉም ሳቀበት። ኦዝቦርን ግን ከመፍረድ ተቆጥበው ነገሩን በቤተ ሙከራቸው አስሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለቱ በጋራ ጽሑፍ አሳተሙ፤ ክስተቱም «የምፔምባ ውጤት» ተባለ። ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዲያውም የክስተቱን መኖር ተጠራጥሯል። ይህ ግን የኦዝቦርንን ሥራ ዋጋ አያሳጣውም። አንድ ልጅ ትክክል የመሆን ግዴታ የለበትም፤ ሐሳቡ ሳይፈተን እንዳይጣል ግን መብት አለው።

ታዲያ ከሕፃናት ጋር ምን እናድርግ? በመጀመሪያ እንታገሥ። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጧቸው ጥናቶች፣ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ትዕግሥቱ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያድግ የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚሉት ቀነሱ፤ «ደካማ» የተባሉትም ይበልጥ ተሳተፉ።

ሁለተኛ፣ «ጎበዝ!» ወይም «አይደለም!» ለማለት አንቸኩል። «እንዴት እንዲህ አሰብሽ?» «በምን እንፈትነው?» ብንል ልጅቷ ሐሳቧን እንድትገልጥ እንረዳታለን። በሰው ፊት መናገር የምትፈራ ከሆነም አስቀድማ ለአንዲት ጓደኛዋ ትንገር፤ ወይም ትሣለው።

ሙከራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። አንድ ብርቱካን ከነልጣጩ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ቢላጥስ? ብዙ ልጆች «ስለሚቀል ይበልጥ ይንሳፈፋል» ይላሉ፤ ግምቱ አስተዋይነት አለበት። የተላጠው ብርቱካን ግን ይሰምጣል፤ በልጣጩ ውስጥ የነበረው አየር አብሮ ተወግዷልና። እዚህ ላይ ልጁን ያረመው ውኃው እንጂ አዋቂ ሰው ስላልሆነ የሚያፍርበት ምክንያት አይኖርም። ቀጣዩ ጥያቄም የሚመጣው ከራሱ ከልጁ ነው፦ «ሎሚስ?»