«ገባህ?» የማይባልበት ክፍል

የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ትምህርት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ከሺፍት ደክሞት የወጣ ሠራተኛና «ሃው አር ዩ» የተጻፈበት ሰሌዳ ነው። ያ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ አለቃው ራሱ ተማሪ ሆኖ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። አሜሪካ ውስጥ ለጎልማሶች ከሚሰጡ ትምህርቶች ሁሉ የሚገባውን ክብር ያላገኘ ይኸኛው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን የሠራተኞቹን ክፍል እንይ፤ አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። አስተማሪው መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት ሥራ ቦታውን ይዞራል። ሆቴል ከሆነ የክፍል ማጽጃ ዝርዝሩን፣ በኬሚካል ጠርሙሶቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ በሬዲዮ የሚባለውን ይሰበስብና ትምህርቱን ከዚያ ያወጣል። ክፍሉ እዚያው፣ ሺፍት በሚቀያየርበት ሰዓት ይሰጣል። ደህና አሠሪ ሰዓቱን ይከፍላል። ቋጣሪው «ከሥራ በኋላ፣ በራሳችሁ ጊዜ» ይልና ወንበሮቹ ባዶ ሲቀሩ «ፍላጎት የላቸውም» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለት ሥራ ያለውን ሰው በራስህ ጊዜ ና ማለት አትምጣ ከማለት አይለይም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሄንሪ ፎርድ በ1914 በዲትሮይት አጠገብ ሃይላንድ ፓርክ ባለው ፋብሪካው የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። የማስተማሪያውን ዘዴ ያዘጋጀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበሩ (ዋይኤምሲኤ) ሰው ፒተር ሮበርትስ ሲሆን፣ ትምህርቱ ከአልጋ መነሣትን፣ መታጠብን፣ ገበታ መቅረብን በትወና እያሳየ ቋንቋውን ያስይዝ ነበር። ዘዴው ዛሬም አያሳፍርም። የምረቃው ሥነ ሥርዓት ግን ሌላ ነው፤ ሠራተኞቹ የአገራቸውን ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ወደቆመ ግዙፍ ድስት ይገቡና አሜሪካዊ ሱፍ ለብሰው፣ ባንዲራ ይዘው ይወጡ ነበር። መለወጥ ያለበት ሠራተኛው ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ ድስቱ ከተረሳ በኋላም ከብዙ መሥሪያ ቤት አልወጣም።

አሁን ወደምወደው ልግባ። በአለቆቹ ክፍል መጀመሪያ የሚከለከለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ገባህ?»። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ስለሆነ ምንም አይነግርም። በሰው ፊት፣ በማይተማመንበት ቋንቋ፣ እንጀራውን በያዘ ሰው የተጠየቀ ማን «አልገባኝም» ይላል? በእኛ ላይ ደግሞ አስተዳደጋችን ይጨመርበታል። አለቃን ወይም ታላቅን «አልገባኝም» ማለት «አላስረዳኸኝም» ብሎ እንደ መውቀስ ይቆጠራል። ስለዚህ ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ ወይም ያቺን አየር ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋትን የእሺታ ድምፅ እናሰማለን። አንድ ሱፐርቫይዘር የጽዳት ሠራተኛዋ እንዲህ ስትተነፍስ ደንግጦ «ምነው፣ አመመሽ?» ሲላት ሰምቻለሁ። እሷም ስለ ሥራው የጠየቃት መስሏት ያንኑ ትንፋሽ ደገመችለት።

በ«ገባህ?» ፋንታ የሚመጣው ሰውዬው ሥራውን መልሶ እንዲያስረዳ የሚያደርግ ጥያቄ ነው። የሕክምና ሰዎች «ቲች ባክ» ይሉታል፤ ሐኪሙ በሽተኛው መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ በራሱ አፍ እንዲነግረው ያደርጋል። ቁም ነገሩ ሸክሙ የማን እንደሆነ ነው፤ «በደንብ ማስረዳቴን ልይ፣ እስኪ ምን እንደምታደርጊ ንገሪኝ» ይባላል። ፈተናው ላስረጂው ነው።

በረኪናን እንውሰድ። ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። አለቃው «እንዳትቀላቅሉ፣ ገባችሁ?» ሲል ሁሉም ይነቀንቃል። «መስታወቱን አሞኒያ ባለበት ፈሳሽ ወልውለሽ ስትጨርሺ ገንዳው በረኪና ቢፈልግ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ የጠየቀ ግን ያልተያዘውን ነገር አደጋው ሳይደርስ እዚያው ያገኘዋል።

የ«ገባህ?» ታናሽ ወንድም ደግሞ በአሉታ የሚመጣው ነው። «412ን አልጨረስሽም?» ሲባል ብዙዎቻችን «አዎ» እንላለን፤ አልጨረስኩም ለማለት። አሜሪካዊው ግን «ጨርሻለሁ» ብሎ ይሰማዋል፣ እንግዳው ሻንጣውን እየጎተተ ሲገባ አልጋው አልተነጠፈም፤ ውሸታም የምትባለው ደግሞ እሷ ናት። «የቀረሽ የትኛው ክፍል ነው?» ቢላት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የቀሩት ደንቦች አጭር ናቸው፤ አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ፣ አንድን ዕቃ ሁልጊዜ በአንድ ስም፣ ቁጥርን በጽሑፍ። መጮህ አይረዳም፤ ድምፅ ቢጨመር ቃል አይጨመርም።

ሠራተኞቻችንም ከወቀሳ አያመልጡም። «ዲግሪ ይዤ እንደገና ኤ ቢ ሲ?» የሚል ወገን ብዙ ነው። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ማንበቡና ሰዋስዉ አያቅተንም። ስለዚህ የጽሑፍ መመደቢያ ፈተና ከፍተኛው ክፍል ያስገባንና፣ በማግስቱ በሬዲዮ የመጣውን የተቆራረጠ ንግግር ከሦስት ቃል አንዱን እንኳ ሳንይዝ እንቀራለን። መመዘን ያለበት ጆሯችን ነበር። በየሥራ ቦታው አንዱን ጎበዝ ልጅ የሁሉም አስተርጓሚ የማድረግ ልማድም ይቅር፤ የራሱ ሥራ ይጠብቀዋል፣ ለትርጉሙ አይከፈለውም፣ ስህተት ሲመጣ ግን ተጠያቂው እሱ ነው።

ሕጉ ከሚታሰበው በላይ ከሠራተኛው ጎን ነው። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ በ2010 ባወጣው የፖሊሲ መግለጫ የደኅንነት ሥልጠና ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋና በሚረዳው የቃላት ደረጃ መሰጠት እንዳለበት ግልጽ አድርጓል። ማንበብ ለማይችል ወረቀት ሰጥቶ ማስፈረም ማሠልጠን አይደለም። የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑ መመሪያ ደግሞ በሥራ ቦታ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገር የሚል ደንብን በአድልዎ ዓይን ያየዋል፤ ሥራው ግድ ሲል፣ ለምሳሌ በአደጋ ጊዜ፣ ካልሆነ በቀር። ምሳ ላይ በአማርኛ የሚጨዋወቱትን የሚቆጣ አለቃ ይህን ያንብብ።

አለቃው ክፍል እስኪገባ መጠበቅም አያስፈልግም። ሥራ ሲታዘዙ ሳይጠየቁ «እስኪ ልድገመው» ብሎ በራስ አፍ መልሶ መናገር ክፍያ አይጠይቅም፣ ሰዋስዉም ቢንጋደድ ግድ የለም። የተሳሳተውን አለቃው እዚያው ያርመዋል። ደጋግመው ያደረጉት ሠራተኞች አለቃቸው ሳያውቀው «ገባህ?» ማለቱን ሲተው አይቻለሁ።