ከአርክቴክት ጋር የሚደረግ የቤት ሥራ ውል ሊይዛቸው የሚገቡ ነገሮች

ከባሕር ማዶ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የዕቃውን ዐይነት ሳይለይ፣ ዋጋውን ሳይቆርጥ፣ የሚደርስበትንም ቀን ሳይወስን ገንዘቡን አይልክም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን የዕድሜውን ጥሪት የሚያፈስበትን መኖሪያ ቤት ሊያሠራ ሲነሣ፣ ከአርክቴክቱ ጋር በቃል ብቻ ተስማምቶ ቀብድ ሲሰጥ ይታያል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለሱቅ ሒሳብ ብቻ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 እንደሚያስረዳው፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ተዋዋዮቹን እንደ ሕግ ሆኖ ያስገድዳቸዋል። ስለዚህ ባለቤቱ በውሉ ያላስጻፈውን ነገር ኋላ እንደ መብቱ ቈጥሮ ለመጠየቅ ይቸገራል።

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን የሚገባው የሥራው ወሰን ነው። «ፕላን ማንሣት» የሚለው ቃል ለአንዱ የክፍሎቹን አቀማመጥ ብቻ፣ ለሌላው ደግሞ የኮንክሪቱንና የብረቱን ስሌት፣ የመብራቱንና የቧንቧውን ንድፍ፣ የሥራ መጠንና የዋጋ ዝርዝሩን ጭምር ያመለክታል። እያንዳንዱ በስሙ ይቈጠር፤ የግንባታ ፈቃድ ለማውጣት የሚደክመውና ማዘጋጃ ቤቱ እርማት ቢያዝ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያርመው ማን እንደሆነም ይጻፍ። የአፈሩም ምርመራ አይዘንጋ። በአዲስ አበባ ብዙ ሥፍራ የሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ይህን ሳያውቅ የተነደፈ ቤትም ግድግዳው ይተረተራል። ምርመራውን የሚያዝዘውና ወጪውን የሚከፍለው ወገን አስቀድሞ ይታወቅ።

ሁለተኛው የዋጋ ነገር ነው። ክፍያው ከግንባታው ወጪ በመቶ የሚታሰብ ከሆነ፣ ከየትኛው ወጪ እንደሚታሰብ መለየት ይገባል። ለምሳሌ 8,000,000 ብር የተገመተ ቤት በ4 በመቶ ቢታሰብ የአርክቴክቱ ድርሻ 320,000 ብር ይሆናል። የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ንሮ ወጪው 12,000,000 ብር ቢደርስ፣ ባለሙያው አንድ መስመር ሳይጨምር ድርሻው 480,000 ብር ይሆናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ እንዴት እንደ ወረደ የሚያስታውስ አስመጪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ስለዚህ ቍርጥ ዋጋ መዋዋል፣ ወይም በመጀመሪያው ግምት ላይ ማሰብ ይሻላል። ክፍያውም ንድፉ በየደረጃው ሲረከብ እንጂ አስቀድሞ ተጠቃሎ አይሰጥ።

ሦስተኛው የቍጥጥር ነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3039 የሥራ ተቋራጩን ሕንፃውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጽናት ዋስ ያደርገዋል። ነገር ግን ግድግዳው የተሰነጠቀ ዕለት ተቋራጩ «ንድፉ ስሕተት ነበር» ሲል፣ አርክቴክቱ «ሥራው እንደ ንድፌ አልተፈጸመም» ይላል፤ ባለቤቱም በሁለቱ መካከል ሲንከራተት ይኖራል። ይህ እንዳይሆን አርክቴክቱ ሥራውን በወር ስንት ጊዜ እንደሚጐበኝ፣ መሠረቱ ሲቈፈርና ኮንክሪቱ ሳይፈስ ብረቱ ሲታሰር ተገኝቶ አይቶ በጽሑፍ እንደሚያጸድቅ በውሉ ይግባ። ከዕቃ ሻጮች ኮሚሲዮን እንደማይቀበልም ይጻፍ፤ ይህ ባለቤቱንም ሐቀኛውንም ባለሱቅ ይጠቅማል።

አራተኛው የንድፉ ባለቤትነት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የሕንፃ ጥበብን ሥራ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ጋር ይቈጥረዋል። ዋጋ ስለ ተከፈለበት ብቻ በዚያው ንድፍ ለወንድም ወይም ለልጅ ሁለተኛ ቤት መሥራት ይቻላል ብሎ መገመት አይገባም፤ የሚፈለግ ከሆነ ፈቃዱ በውሉ ይገለጽ።

በመጨረሻም የመለያየት ነገር አለ። ሥራው መካከል ላይ ቢቋረጥ እስከዚያ ለተሠራው ምን ያህል እንደሚከፈልና ንድፎቹ ለባለቤቱ እንደሚሰጡ ይወሰን። ጠብ ቢነሣ በግልግል ለመዳኘት የሚሹ ተዋዋዮች ስምምነታቸውን በጽሑፍ ያድርጉት፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ይህን ይጠይቃልና። ውሉ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ተፈርሞ፣ አንዱ በባለቤቱ፣ አንዱ በአርክቴክቱ እጅ ይቀመጥ።

እንዲህ ያለ ውል መጠየቅ አርክቴክቱን መጠራጠር አይደለም። መልካም ባለሙያ በግልጽ የተጻፈ ውል ድካሙንና ስሙን እንደሚጠብቅለት ያውቃል። ውል ለመጻፍ የሚያመነታ ባለሙያ ቢያጋጥም ግን፣ ባለቤቱ ይህን ማወቁ መሠረቱ ሳይቈፈር ቢሆን ይሻለዋል።