ጋራዥ የማይጠብቃቸው ሁለት ሰዓታት

ወዳጄ፣ ይህን የምነግርህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። መኪናህ ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሮ ጋራዥ ስትገባ፣ አጎንብሶ ያየ ሰው «የዘይት ቋቱ ነው፣ ይፈታ» ቢልህ ቶሎ እሺ አትበል። ቋቱ ከሞተሩ ሁሉ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ከላይ የሚወርድ ዘይት ማረፊያው እሱ ነው። የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ያፈሰሰው ዘይት በቋቱ ሲሳበብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሞተሩን አጥበህ አድርቅ፣ አንድ ቀን ንዳው፣ ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዘህ ከላይ ወደ ታች ፈልግ። እርጥበቱ የሚጀምርበትን ከፍተኛ ቦታ ካገኘህ የሚያፈስበትን አገኘኸው።

ጥፋቱ በእርግጥ የቋቱ ከሆነ ግቢህ ውስጥ ልትሠራው ትችላለህ፤ እንዲያውም ከእኛ ከመካኒኮቹ አሳምረህ። በኮሮላም በቪትዝም በያሪስም የሚገኘውን ዋን ኤንዜድ ሞተር እንውሰድ። የታችኛው የቆርቆሮ ቋት የሚታሸገው በጓርኒሲዮን ሳይሆን በሲሊኮን ነው። ሲሊኮኑ ከተቀባ በ3 ደቂቃ ውስጥ ቋቱ ቦታው መግባት አለበት፤ ከዚያ ዘይት ሳይሞላ፣ ሞተሩም ሳይነሳ ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆያል። ጋራዥ ውስጥ ያን 2 ሰዓት ማን ይጠብቃል? በር ላይ ሌላ መኪና ቆሟል፣ ባለቤቱ በየደቂቃው ይደውላል። ዘይቱ ይሞላል፣ መኪናው ይወጣል። በሳምንቱ እያንጠባጠበ ሲመለስ «ቋቱ ጠሟል፣ አዲስ ግዛ» ይባላል። አንተ ግን ቀኑን ሙሉ አለህ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝን ልንገርህ። አንድ ጊዜ የዘይት መብራቱ አልጠፋም ያለ መኪና መጣልኝና ቋቱን አወረድኩት። የፓምፑ መምጠጫ ወንፊት ላይ ቀይ ሲሊኮን እንደ ተቆራረጠ ፓስታ ተለጥፎ አፉን ደፍኖታል። የሞተሩ ኩሽኔቶች ተበልተው፣ ቋቱ ሥር የቀረው ዘይት ውስጥ የመዳብ ብናኝ ያብለጨልጫል። ከእኔ በፊት የሠራው ሰው «እንዳያፈስ» ብሎ አብዝቶ ቀብቶት ነበር። ወደ ውጭ የተረፈውን በጣትህ ትጠርገዋለህ፤ ወደ ውስጥ የተጨመቀውን ግን ማንም አያየውም። ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ያልተቆራረጠ አንድ መስመር ይበቃል።

ቋቱን ድንጋይ ወይም የመንገድ ጉብታ መትቶት ከሆነ ባያፈስም አትናቀው። በወንፊቱና በቋቱ ወለል መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ወደ ውስጥ የገባው ቆርቆሮ ከደፈነው ፓምፑ ዘይት ያጣል። እንዲህ ያለ ቋት በጊዜ ይቀየር።

ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ጽዳቱ ነው። ቋቱ የሚታሰርበት የላይኛው አካል አሉሚኒየም ስለሆነ አሮጌውን ሲሊኮን በካቻቢቴ አትፋቅ፤ የጫርከው መስመር ነገ የዘይት መንገድ ይሆናል። በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ፋቀው፣ ከዚያ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ በቤንዚን ጥረገው። ትንንሾቹ ቡሎኖች የሚፈልጉት 9 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ በረጅም ቁልፍ ከታገልክ ጥርሳቸው ይበላል። የማፍሰሻው ታፖ ወደ 37 ይጠብቃል፣ ሮንዴላውም አዲስ ይሁን።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግባ። ብሎኬትም አትመን፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ደህና የብረት መቆሚያ ካልተዋስክ ቡሎን እንኳ አትንካ።

ቋቱን ማታ አስረህ ካሳደርከው፣ ጠዋት ዘይት ሞልተህ አስነሳ። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ወዲያው አጥፋ። ከጠፋ ጥቂት ይሥራ፣ ከዚያ አጥፍተህ ዘይቱን ለካ። ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ ዘርግተህ አሳድረውና በማግስቱ፣ መኪናውን ከማንቀሳቀስህ በፊት፣ ካርቶኑን አውጥተህ ብርሃን ላይ እየው።