ችሎት ያልሆነ ሸንጎ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ

ሕገ መንግሥታችን በ37ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው በፍርድ የሚያልቅ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት፣ አለዚያም ሕግ ሥልጣነ ዳኝነት ለሰጠው ለሌላ አካል ሊያቀርብ እንደሚችል ሲደነግግ፣ ካባ የለበሰ ዳኛ በሌለበት ሸንጎም ፍትሕ እንደሚገኝ መመስከሩ ነው። ከፊል የዳኝነት ሥልጣን ካላቸው ከእነዚህ አካላት መካከል የግብር ይግባኝ ሰሚው፣ የመንግሥት ሠራተኞችን አቤቱታ መርማሪውም ቢኖሩ፣ እኔ ለአንባቢ ላስተዋውቅ የመረጥሁት፣ በ1956 ዓ.ም. በታወጀው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ስሙን የምናገኘውን፣ ዛሬም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመራውን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ነው።

በሰብሳቢው ግራና ቀኝ የሥራን ጉዳይ ጠንቅቀው የሚያውቁ 2 ባለሙያዎች፣ ከሠራተኛ ማኅበራት 2፣ ከአሠሪዎች ማኅበራትም 2 ተወካዮች ይሰየማሉ፤ 4 አባላት ሲገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሆናል፤ ይሁንና ከአራቱ ቢያንስ አንዱ የሠራተኛ፣ አንዱም የአሠሪ ወገን ካልሆነ ጉባኤው ጎዶሎ ነው። ተሟጋቹ ከፈራጆቹ መካከል ወገን አለው ማለት ነው፤ ይህ በመደበኛው ችሎት ነውር በሆነ ነበር።

መደበኛው ፍርድ ቤት በማስረጃና በሥነ ሥርዓት ሕግ ሲታሰር፣ ቦርዱ አስቀድሞ ባለጉዳዮቹን ለማስማማት ይጥራል፤ ዕርቅ እንቢ ሲልም እውነቱን ይበጃል ባለው መንገድ ይፈልጋል፤ ምስክር ይጠራል፣ ቃለ መሐላ ያስፈጽማል፣ ሲያስፈልግም በሥራ ሰዓት ወደ ፋብሪካው ዘልቆ በዚያው የሰውን ቃል ይሰማል፣ ሰነድም ያስቀርባል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የውሳኔው ግብር ነው፤ የሥራ ሁኔታን በሚመለከት የወሰነው ነገር በአሠሪውና በሠራተኛው መካከል እንደ ተጻፈ የውል ቃል ይቆጠራልና፣ ዳኛ ብቻ ሳይሆን ውል ጸሓፊም ነው።

ሥልጣኑ ግን ዳርቻ አለው። የኅብረት ስምምነት ትርጉም፣ የአዲስ የሥራ ሁኔታ መመሥረት፣ የሠራተኛ ቅነሳና ይህን የመሰለው የወል ክርክር የእርሱ ሲሆን፣ ከሥራ የተሰናበተ የአንድ ሰው የግል ክስ ግን የፍርድ ቤት ነው።

በፍሬ ነገር ረገድ ቦርዱ ያረጋገጠው የመጨረሻ ነው፤ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ የሚባለው በሕግ ጥያቄ ብቻ ነው። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበር መሪ የሆንህ አንባቢ፣ ቃለ ጉባኤህንና ደብዳቤዎችህን ሳታጓድል ለቦርዱ አቅርብ፤ በዚያ ያልተነገረውን ፍሬ ነገር ይግባኝ ሰሚው አይሰማልህም።