እንግዳ የት ሰፈር ይረፍ?

በቱሪዝምና ሆቴል ትምህርት ክፍላችን ስለ ሆቴል ደረጃ፣ ስለ ኮከብ፣ ስለ መስተንግዶ ብዙ እንማራለን። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ግን ብዙም አይነሳም። እሱም «እንግዳው የት ሰፈር ይረፍ?» የሚለው ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር ነው። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በእኛ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ «አልጋ የት ይገኛል?» የሚለኝ መንገደኛ ጠፍቶ አያውቅም። እንዲህም ሆኖ የራሴ እንግዳ ሲመጣ ተሳሳትኩ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም ያ ስህተት ነው።

ቦሌ ያደሩት አጎቴ

አጎቴ የወሎ ገበሬ ናቸው። ባለፈው ዓመት ለዓይናቸው ሪፈር ተጽፎላቸው መሐል ከተማ ወዳለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል መምጣት ነበረባቸው። የእኛ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ እኛም ተደራርበን ነው የምናድረው። ስለዚህ አልጋ መያዝ የግድ ሆነ። እኔ ደግሞ «የሆቴል ተማሪ አይደለሁም እንዴ!» ብዬ ቦሌ ውስጥ ንጹሕ ፔንሲዮን ያዝኩላቸው። ብሩን ለወራት ያጠራቀምኩት ነው። አንሶላው ነጭ፣ ሻወሩ ሙቅ ውሃ ያለው፣ ቴሌቪዥኑ ሰፊ። በልቤ ኮራሁ።

በማግስቱ እኔ ፈተና ነበረኝ። አጎቴ ሱብሒ ሰግደው፣ ገና ሳይነጋ ወጡ። ካርድ ለማውጣት በጊዜ መሰለፍ እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ። የማያውቁት ታክሲ የት እንደሚያዝ ነው። በዚያ ሰዓት ከዘበኛው በቀር የሚጠይቁት ሰው አላገኙም፤ እሱም ሠፈሩ ሌላ ስለሆነ በቅጡ አላወቀላቸውም። በእግር ብዙ ሄደው፣ አንድ ሚኒባስ ይዘው፣ ሜክሲኮ ወርደው፣ እንደገና ሌላ ይዘው ሲደርሱ ሁለት ሰዓት አልፏል። የዕለቱ ወረፋ ሞልቶ ነበር። ቀጠሮው ሦስት ሳምንት ተገፋ።

ማታ ስሄድ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ምነው ጋሼ፣ እራት አልበሉም?» አልኳቸው።

«ቤቱስ ቤት ነው ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። ግን ማንን ምን ብዬ ልጠይቅ?» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ማታ የገባኝ ነገር ይሄ ነው፤ ሰፈር የሚመረጠው በዝና ወይም በአልጋው ንጽሕና ብቻ አይደለም። እንግዳው ለመጣበት ጉዳይ በሚከፍትለት በር ነው።

አልጋ በር ይከተላል

አዲስ አበባን ልብ ብላችሁ ካያችኋት፣ አልጋ ቤቶቿ ያለ ምክንያት አንድ ቦታ አልተከማቹም። ሰው ወደ ከተማዋ በሚገባበት በር ዙሪያ ነው የበቀሉት።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ አራዳ ነበር። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም የተሠራው ከዚያ ሳይርቅ ነው። ፋሺስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ከተማዋን በያዘ ጊዜ የነጭና የአገሬው ሰው ሰፈር በሚል ከፋፈላት። አራዳን ለራሱ አድርጎ፣ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ በጣሊያንኛ ፒያሳ ማለት አደባባይ፣ መርካቶ ማለት ደግሞ ገበያ ነው። ገበያው ወደ ሄደበት ነጋዴው ሄደ፤ ነጋዴውን ጭነት መኪናው፣ ቆይቶም አውቶቡሱ ተከተለው። አውቶቡስ ተራ ካለ ደግሞ ሌሊት ተነስቶ የሚሳፈር ሰው አለ፤ እሱ ካለ አልጋ ቤት አለ ማለት ነው።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ የለገሃር አካባቢ የመንገደኛ ሰፈር ሆነ። ካዛንቺስ አጠገብ አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም ሲመረቅ የስብሰባ እንግዳ መጣ። የቦሌ አየር ማረፊያ በ1950ዎቹ ሲከፈት ደግሞ ከአውሮፕላን የሚወርደው ሰው ቀስ በቀስ ወደዚያው አደላ።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወደ ሮም የሚሄድ ሰው ርካሽ ማደሪያ የሚፈልገው ተርሚኒ በሚባለው የባቡር ጣቢያ ዙሪያ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤትም እዚያው ይገኛል። ሚላኖ የሄደ ሐበሻ ፖርታ ቬኔዝያን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም የአገሩን ቋንቋ የሚናገር ሰው የሚያገኘው እዚያ ነው። ፍራንክፈርትም ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፈር አልጋው የበዛ፣ መጓጓዣው የቀረበ፣ ግን ማታ ማታ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። አውቶቡስ ተራን ለሚያውቅ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም።

በሩም ቦታ ይለውጣል

አንድ ነገር እንዳንረሳ። የድሮ ምክር ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ድሮ ለመጪ ሰው «አውቶቡስ ተራ ትወርዳለህ» ይባል ነበር። አሁን እንደ መጣበት አቅጣጫ ላምበረት፣ ቃሊቲ፣ አስኮ ወይም አየር ጤና ሊወርድ ይችላል። አጎቴም የወረዱት ላምበረት ነው። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር የመንገደኛ ጣቢያ የተሠራው ለገሃር ሳይሆን ለቡ በኩል ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ብዙ ቤት ፈርሶባቸው መልካቸው ተለውጧል። ስለዚህ «ድሮ ያደርኩበት አልጋ ቤት አለ» ብሎ ሻንጣ ይዞ መሄድ አያዋጣም። አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

አምስት ጥያቄዎች

ከአጎቴ በኋላ አልጋ ፈልግልኝ የሚለኝን ሰው ሁሉ እነዚህን አምስት ነገሮች እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ጉዳይህ የትና ስንት ሰዓት ነው? ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ጉዳዩ ጠዋት 12 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ፣ በአንድ መኪና ወይም በእግር የሚደረስበት ቦታ ይያዝ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ራቅ ቢልም ችግር የለውም።

ሁለተኛ፣ በየት በኩል ትገባለህ፣ በየት በኩልስ ትወጣለህ? ሌሊት የሚነሳ አውቶቡስ ያለው ሰው ቢያንስ የመጨረሻዋን ሌሊት መናኸሪያው አጠገብ ቢያድር ከኮንትራት ታክሲ ወጪም፣ ከሥጋትም ይድናል።

ሦስተኛ፣ ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ? ቀን ሰው የሚተራመስበት ሰፈር ሱቅ ሲዘጋ ጭር ሊል ይችላል።

አራተኛ፣ ማንን ትጠይቃለህ? ቋንቋህን የሚናገር፣ የምትበላውን የሚሠራ፣ የምትጸልይበት ቦታ ቅርብ የሆነ ሰፈር ለአዲስ ሰው ከቴሌቪዥን ይበልጣል።

አምስተኛ፣ ክፍሉን አይተኸዋል? ደላላ «ምርጥ አልጋ ነው» ስላለ ብቻ ብር አይከፈልም። ውሃው ይምጣ አይምጣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ቁልፉ ይሥራ አይሥራ ከውስጥ ቆልፎ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ከሆነም ገብቶ ማየት ነው። ሥር ሙዚቃ ቤት ካለ ደግሞ እንቅልፍ የለም።

የእኛ ሰፈር ሳይዋሽ ሲነገር

እንግዲህ አንዋር መስጊድ ሰፈር በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘን ምን ይመስላል? ሰፈሬ ስለሆነ አላሞካሸውም።

መልካሙን ላስቀድም። አውቶቡስ ተራ በእግር ይደረሳል። ሚኒባስ ወደ አብዛኛው የከተማው ክፍል ይገኛል፤ በ2008 ዓ.ም ሥራ ለጀመረው ቀላል ባቡርም አውቶቡስ ተራ ላይ ጣቢያ ተሠርቶለታል። ከሱብሒ አዛን ጀምሮ ሰው ስለሚነቃ ሻይና ፉል በማለዳ ይገኛል። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ስለሆኑ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሳለምበት አያጣም። ከየትም ክፍለ ሀገር ቢመጣ፣ የአገሩን ልጅ ሳያገኝ የሚያድር ሰው ጥቂት ነው።

ክፉውም አለ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ሲደርስ ሰጋጁ ከግቢው አልፎ መንገድ ስለሚሞላ፣ በዚያ ሰዓት መኪና ይዞ መግባትም መውጣትም ይከብዳል። ዕቃ የሚያራግፉ መኪናዎች ጫጫታ አለ። ኪስ አውላቂ አለ። ተራዎቹ ጠባብ፣ ሱቆቹ የተደጋገፉ ናቸው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም ሸማ ተራ ላይ የተነሳው የእሳት አደጋ ይህ መጠጋጋት ምን ያህል አስጊ እንደሆነ አሳይቶናል። ስለዚህ እዚህ የሚያድር ሰው መውጫው በግልጽ የሚታይ፣ ለመንገድ የቀረበ ቤት ይምረጥ። ሕፃናት ይዞ ለመዝናናት ለመጣ ቤተሰብ፣ ወይም ሌሊት ለሚበር አውሮፕላን ለሚነሳ መንገደኛ ደግሞ የእኛን ሰፈር አልመክርም። ለሱ ቦሌ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ጉዞ

አጎቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። አሁን ከመስጊዱ ብዙም ሳይርቅ፣ ዋና መንገድ ዳር ያለ ተራ አልጋ ቤት ያዝን። አንሶላው ያን ያህል አልነበረም፤ ሻወሩም የጋራ ነው። ማታውኑ ግን ሁለት ለሕክምና የመጡ የወሎ ሰዎች ተዋወቁ። ሻይ የምታፈላዋ ልጅ ደግሞ የትኛው ሚኒባስ እንደሚወስዳቸው ነገረቻቸው። በነጋታው ሦስቱ ተያይዘው ሄደው ገና ሳይነጋ ተሰለፉ። ያን ዕለት ሐኪም አያቸው፤ እስካሁንም ክትትል ላይ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ በሦስተኛው ቀን ሞባይላቸው ግርግር ውስጥ ተሰረቀ። እኔ ተናድጄ ስንጨረጨር እሳቸው ሳቁብኝ። «ስልክ ይገዛል ልጄ፣ ዓይን አይገዛም» አሉኝ። እኔ ግን የሳቸውን ያህል አልቀለለኝም፤ ኪሳቸውን እንዲጠብቁ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ።

በመጨረሻ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ኮከብ ያላቸውን ሆቴሎች ብቻ ከምንጎበኝ፣ በየመናኸሪያውና በየሆስፒታሉ ዙሪያ ያሉትን አልጋ ቤቶች ዞረን ብናይ፣ ንጹሑንና አስተማማኙን ለይተን ለመንገደኛ የሚታደል አንድ ገጽ ብናዘጋጅ ምን ይመስላችኋል? በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ሰፈሩ ይለዋወጣልና። እኔ የአንዋር መስጊድን ዙሪያ ለመውሰድ ዝግጁ ነኝ። ላምበረትን፣ ቃሊቲን፣ አየር ጤናን የምታውቁ ደግሞ እጃችሁን አውጡ።

ቸር ይግጠመን።