ስለ ሸክም ሥራና ስለ ሠራተኛው ጤና

ጤና የሚጠበቀው በቤት ንጽሕናና በንጹሕ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሰው ቀኑን የሚያሳልፍበት ሥራም ጤናውን ይገነባዋል፥ ወይም ያፈርሰዋል። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች ደዌ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሐኪም በሽተኛውን ሲመረምር ሥራው ምን እንደ ሆነ ደግሞ እንዲጠይቀው አስተምሯል። ይህ ጥያቄ በየካ ክፍለ ከተማ ለምንኖር ሰዎች እጅግ የቀረበ ነው፤ ከእንጦጦ ተራራ የማገዶ እንጨት፥ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች የማያውቅ በመካከላችን የለምና።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የአገሩ ዛፍ ተመናምኖ ማገዶ ባነሰ ጊዜ፥ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ በእንጦጦ ላይ ተተከለ፤ የከተማውም ምድጃ በእርሱ ይነድ ጀመር። እንጨቱን ከተራራው ወደ ምድጃው ያደረሰው ግን በአብዛኛው የሴቶች ጀርባ ነው። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ የተሸካሚዋን የራሷን ክብደት የሚያህልም አይታጣም። ስለ ጉዳዩ ያጠኑ ሊቃውንት አንድ ሰው በተመቸ ስፍራና በተመቸ አያያዝ እንኳ በእጁ የሚያነሣው ከ23 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራሉ። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ1959 ዓ.ም. ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፥ ጐልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ፥ የሴት ሸክም ደግሞ ከዚህ በብዙ እንዲያንስ አሳስቧል።

ሸክም ሰውነትን እንዴት ይጐዳል?

በጀርባ አጥንታችን አንጓዎች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ለስላሳ አካል አለ። ሸክም ከኋላ ሲንጠለጠል ሴቲቱ እንዳትወድቅ ወደ ፊት ታጐነብሳለች፤ በዚህ ጊዜ የወገቧ ጡንቻዎች ያለ ዕረፍት ይወጠራሉ፥ ትራሱም ይጨመቃል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ትራሱ ከቦታው አፈንግጦ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ሊጫነው ይችላል። በቁልቁለት ላይ እያንዳንዱ እርምጃ የሸክሙን ክብደት በጉልበት ላይ ያሳርፋል። ቀጭን ገመድም ትከሻንና ደረትን ሲያሥር እጅን ያደነዝዛል፥ ትንፋሽንም ያጠብባል።

የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ በዚያ ስፍራ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው በሲሶ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ምግብ ሳትቀምስ በማለዳ የወጣች ሴት ፈጥና ትደክማለች፤ የደከመም ይሰናከላል። ነፍሰ ጡርና አራስ ከባድ ነገር ሲሸከሙ ደግሞ ማሕፀንን ደግፈው የያዙት ጡንቻዎች ይላላሉ፥ ማሕፀንም ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።

ብዙ ሰው የወገብን ሕመም «ብርድ ነው» ወይም «እርጅና ነው» ይለዋል። የሕመሙን ምክንያት የሳተ መድኃኒቱንም ይስታል፤ ቅባትና ክኒን ሥቃዩን ለጊዜው ቢያስታግሱም ሸክሙን አያቃልሉትምና።

ተጠያቂው ማን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ውል የተቀጠረውን ሠራተኛ ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ አሠሪውን ያስገድዳል። እንጨት ተሸካሚዋ ግን አሠሪ የላትም፤ ሸክሟን የሚመጥንላት፥ ወድቃ ብትሰበር የሚክሳት የለም። እንግዲህ የጥበቃው ድርሻ በእኛ በገዢዎቿና በጎረቤቶቿ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሚከተለውን ምክር ለሚመለከታቸው ሁሉ ማስረዳት ይገባል።

1ኛ/ ሸክሙን መቀነስ፥ በመንገድም ላይ ደጋግሞ ማረፍ።

2ኛ/ ሸክሙን ከመሬት ከማንሣት ይልቅ በወገብ ልክ ከፍ ባለ ድልድል ላይ አኑሮ ቆሞ መሸከም፤ ሲያርፉም እንዲሁ ማድረግ።

3ኛ/ በገመዱ ሥር ሰፊ ጨርቅ ማነጠፍ፥ የማያንሸራትት ጫማ ማድረግ።

4ኛ/ ከቤት ሳይወጡ ምግብ መብላት፥ ውሃም ይዞ መሄድ።

5ኛ/ በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ከባድ ነገር አለመሸከም።

እግሯ የደነዘዘ ወይም የዛለ፥ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት፥ ወይም ከማሕፀኗ የሚወርድ ነገር የተሰማት ሴት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። ይህ ሕክምና ያለው ደዌ እንጂ የሚታፈርበት ነገር አይደለም።

መምህራን ሆይ፥ በክፍል ውስጥ የምታንቀላፋ ወይም ዘወትር ዘግይታ የምትመጣ ልጅ ስታዩ ከመገሠጻችሁ በፊት በማለዳ ምን ስትሠራ እንደ ነበረ ለብቻዋ ጠይቋት። አጥንቷ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ በጐልማሳ ሸክም ሥር መዋል አይገባትም።

የከተማው ነዋሪም ትንሹን እስር በተገቢ ዋጋ ቢገዛ፥ ሸክሙን ማቅለል ለሴቲቱ ኪሳራ እንዳይሆንባት ይረዳል። ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠቀም ለጭስ መቀነስ መልካም ነው፤ ነገር ግን የማገዶ ገበያ ሲያንስ የተሸካሚዋም እንጀራ እንደሚያንስ መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ ፍጹሙ መድኃኒት ሌላ ሥራ ነው። ለዚህም በእንጦጦ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው በሽመና ሥራ መተዳደራቸው ምስክር ይሆናል፤ ጀርባቸው ከሸክም ሲያርፍ እጃቸው እንጀራ አላጣም።

እንግዲህ ከደጃችን እስር እንጨት ስንገዛ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ክብደቱንም እንመልከት፤ ያን ክብደት ከተራራው ያወረደ የሰው ወገብ ነውና።